የሞተርን ድምፅ ማን ገደለው?

የስፖርት መኪና ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ዛሬ የሚሰማው ለቅሶ አንድ ነው። ሽቱትጋርትም ይሁን ሎስ አንጀለስ፣ ዱባይም ይሁን አዲስ አበባ፣ ወሬው «ኤሌክትሪክ መጣና የመኪናን ነፍስ ወሰደው» የሚል ነው። ነፍስ የሚሉት የሞተሩን ድምፅ ነው። ክሱ ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ ድምፅ የሌለው መኪና ስፖርት መኪና አይባልም፤ መኪና የበለጠ በጮኸ ቁጥር የበለጠ ሕይወት አለው፤ ይህን ሕይወት የነጠቁን ደግሞ ባትሪና ሕግ ናቸው። ይህ አባባል ስለተደጋገመ ብቻ ማስረጃ የማይጠየቅበት እውነት ሆኖ ተቀምጧል።

እኔም የሞተር ድምፅ እወዳለሁ። ስለምወደውም ነው ክሱ ያለ ቦታው መቅረቡን ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው። ኤሌክትሪክ መኪና ገበያውን ሳይረግጥ በፊት ድምፁ ታሞ ተኝቶ ነበር። ያሳመሙት ደግሞ ዛሬ ደረት የሚደቁት ራሳቸው ናቸው፦ ጩኸት ሲጨምር ጥራት የጨመረ የመሰለው ባለቤት፣ ይህን አይቶ ጩኸት የሸጠለት ፋብሪካ፣ ለሁለቱም ያጨበጨበው የአፍቃሪዎች ባህል። ድምፁ በየዓመቱ ሲሸረሸር ዝም ብሎ፣ ዛሬ በኤሌክትሪክ ላይ መነሣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ስለ ድምፁ ሞት ከመከራከር በፊት ድምፁ ከየት እንደሚወለድ ማወቅ ይገባል። ሲሊንደር ውስጥ አየርና ቤንዚን ተቀጣጥለው ፒስቶኑን ይገፋሉ። የጭስ መውጫው ቫልቭ ሲከፈት ውስጥ የታመቀው ግፊት ወደ ቱቦው ይወረወራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ይህን የሚያደርገው ሞተሩ ሁለት ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ስድስት ሲሊንደር ያለው የፖርሽ 911 ጂቲ3 ሞተር በደቂቃ 9,000 ዙር ላይ ሲደርስ በሰከንድ 450 ጊዜ ይተኩሳል። ጆሯችን እነዚህን ተኩሶች ነጣጥሎ መስማት ስለማይችል አንድ የተያያዘ ድምፅ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ዙሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፤ ዙሩ ሲወርድ ይወፍራል።

የሲሊንደሮቹ ብዛት ብቻም አይደለም ድምፁን የሚወስነው። የአሜሪካኖቹ ቪ8 ክራንክሻፍት ክንዶቹ በ90 ዲግሪ የተራራቁ ስለሆኑ፣ በአንድ ጎን የተደረደሩት አራት ሲሊንደሮች የሚተኩሱት እኩል ባልሆነ ልዩነት ነው። ያ ሁሉም የሚያውቀው የሚያጉረመርም፣ ደረት የሚመታ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ መዛነፍ ነው። የፌራሪ ቪ8 ክንዶች ግን በ180 ዲግሪ ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው፤ ግራና ቀኙ በእኩል ልዩነት እየተፈራረቁ ስለሚተኩሱ ድምፁ ቀጥ ያለና ቀጭን ነው። የቀድሞዎቹ የሱባሩ ሞተሮች ደግሞ ከአራቱ ሲሊንደሮች የሚወጡት ቱቦዎች ርዝመታቸው እኩል ስላልነበረ ጭሱ ተዛንፎ ይደርስ ነበር፤ ሰው በፍቅር የሚያስታውሰው ምታቸው ከዚያ የመጣ ነው።

እንግዲህ የሞተር ድምፅ ማለት ብረቱ እንዴት እንደተሠራና በዚያች ሰዓት ምን እያደረገ እንደሆነ የሚናገር ምስክር ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጋራዥ ገብታችሁ አንድ የበሰለ መካኒክ ተመልከቱ። የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግናል፣ ረዳቱን «ትንሽ ነዳጅ ስጠው» ይለዋል፣ ጫፉን ወዲያና ወዲህ እያዘዋወረ ያዳምጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «አጥፋው፣ ብሮንዚናው ነው» ብሎ ይነሣል። ሞተሩ ገና አልተፈታም፤ ድምፁ ግን ምስክርነቱን ሰጥቷል። ማርሚታው ተነቅሎ የሚያጓራ መኪና ላይ እኮ ይህን ማድረግ አይቻልም። ጩኸቱ ምስክሩን ይሸፍነዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ጆሮው ሳይታወቀው ከ911 ዘመዶች ጋር ተዋውቋል። ቮልስ ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙ አራት ሲሊንደር ሞተር አላት። የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በስሙ የወጣችው የመጀመሪያዋ ፖርሽ፣ 356፣ የተሠራችው በቮልስ ዕቃዎች ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) 911 በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ ስትታይ ሲሊንደሮቿ ስድስት ሆኑ እንጂ መሠረቷ ያው ነበር፤ እስከ 1998 ድረስም በአየር መቀዝቀዟን አልተወችም። ቮልስ ዙር ቆጣሪ የላትም። ዳገት ላይ ሹፌሩ ማርሽ መቀነስ እንዳለበት የሚነግረው የሞተሩ ድምፅ መወፈር ነው። ይህ የጆሮና የእጅ መግባባት ነው የስፖርት መኪና ፍቅር ሥሩ። ጥቂት የፈረስ ጉልበት ባላት የድሃ መኪና ውስጥም ሙሉ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ገዳዩን እንፈልግ። ከሁሉ በፊት የምናገኘው ቱርቦን ነው። ቱርቦ የሚሽከረከረው በሚወጣው ጭስ ጉልበት ነው፤ ድምፅ የሚሆነውን ግፊት መንገድ ላይ ይወስደዋል። ፋብሪካዎቹ ነዳጅ ለመቆጠብና የጭስ ሕግ ለማሟላት ሲሊንደር ቀንሰው ቱርቦ ጨመሩ። ፖርሽ በ2016 የቦክስተርንና የኬይማንን ስድስት ሲሊንደር አውጥቶ አራት ሲሊንደር ባለቱርቦ ሲያስገባ መኪናዎቹ ፈጠኑ፤ ድምፃቸው ግን ገዢውን አስከፋ። ቅሬታው ስለበረታ በ2020 ቱርቦ የሌለው 4.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደር በጂቲኤስ ሞዴሎቹ ተመለሰ። መርሴዲስ ኤኤምጂ በ2022 የሲ63ን ቪ8 በ2.0 ሊትር አራት ሲሊንደርና በኤሌክትሪክ ሞተር ተካው፤ ኃይሉ ወደ 680 የፈረስ ጉልበት አደገ፣ ክብደቱም ከ2,100 ኪሎ አለፈ፤ ገዢው ግን ጀርባውን ሰጠ። የቦክስተሩ ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል። የመኪና ወዳጅ ተባብሮ የሚፈልገውን በትክክል ሲናገር ፋብሪካ ይሰማል። የቦክስተር ገዢ የጠየቀው ሌላ ሞተር ነበር፤ ሌላ ሞተርም አገኘ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ይህን አለመሆኑ ነው።

ፎርሙላ አንድን እንይ። እስከ 2005 ድረስ የነበሩት 3.0 ሊትር ቪ10 ሞተሮች በደቂቃ 18,000 ዙር ሲሻገሩ በሰከንድ 1,500 ጊዜና ከዚያም በላይ ይተኩሱ ነበር። በ2014 የመጡት ባለቱርቦ ቪ6 ሞተሮች በተግባር የሚሠሩት 12,000 ዙር አካባቢ ነው፤ ይህ በሰከንድ 600 ተኩስ ገደማ ነው። የድምፁ ቅጥነት ከግማሽ በታች ወረደ። በዓመቱ መጀመሪያ ሜልቦርን ላይ ቅሬታው ሲፈነዳ ግን አብዛኛው ሰው የጠየቀው «ለምን አነሰ? ጩኸቱን መልሱልን!» ብሎ ነው። ስለዚህ መልሱም እንደ ጥያቄው ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት መርሴዲስ ባርሴሎና ላይ መለከት የመሰለ ትልቅ አፍ ጭስ ማውጫው ላይ ገጥሞ ሞከረ፤ ሙከራው አልተሳካምና ተተወ። በ2016 ደግሞ ከቱርቦው የሚተርፈው ጭስ በተለየ ቱቦ እንዲወጣ ደንብ ተሻሻለ፤ ዓላማው ጩኸት መጨመር ነበር። ጥቂት ዴሲቤል ተገኝቶ ሊሆን ይችላል። የጠፋው ግን ዴሲቤል አልነበረም። የጠፋው ዙር ነው፣ የሲሊንደር ቁጥር ነው፣ ያልታፈነ የአየር መንገድ ነው። በመለከት አይመለስም።

ሁለተኛው ተጠያቂ ስፒከር ነው፤ እዚህ ላይ ያለው በደል ከቱርቦው ይብሳል። ቱርቦ ቢያንስ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ኃይል ይጨምራል። የቢኤምደብሊው ኤም5 እስከ 2010 ድረስ 5.0 ሊትር ቪ10 ነበራት፤ ከ8,000 ዙር በላይ ትወጣ ነበር። በ2011 የተተካችው ባለቱርቦ ቪ8 ከድሮዋ ትፈጥናለች፤ ግን የሞተሯ ድምፅ በሬዲዮው ስፒከር በኩል ለሹፌሩ እንዲጫወት ተደረገ። በ2015 ፎርድ አራት ሲሊንደር ሙስታንግ ላይ ተመሳሳይ ነገር አደረገ። ቮልስዋገንም መስታወቱ ሥር እየተንቀጠቀጠ ጉርምርምታ የሚፈጥር ዕቃ በብዙ መኪናዎቹ ላይ ገጠመ። ባለቤቱ ነዳጁን ሲረግጥ የሚሰማው ኮምፒዩተር የመረጠለትን ነው። ሞተሩ ቢታመም እንኳ ስፒከሩ ጤነኛ ነው ብሎ ይመሰክራል።

«ታዲያ ምን አለበት? የተቀዳ ዘፈንም እኮ በስፒከር ነው የምንሰማው፣ ደስታው ግን እውነተኛ ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ጠንካራ ስለሆነ በቂ መልስ ይገባዋል። የተቀዳ ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው የተቀዳ መሆኑን ያውቃል፤ ማንም አላታለለውም። በስፒከር የሚመጣው ሞተር ግን «እኔ ሞተሩ ነኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ደግሞም ዘፈን የሚደመጠው ለራሱ ሲባል ነው፤ የሞተር ድምፅ ግን የሚነዳ ሰው እጁንና እግሩን የሚመራበት ነው። ማርሽ መቼ እንደሚለውጥ፣ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት፣ ጎማው መያዣ ሲያጣ ዙሩ በድንገት ሲዘል፣ ይህን ሁሉ ከዳሽቦርዱ በፊት የሚነግረው ጆሮው ነው። ሐሰተኛ መልእክት የሚያመጣ መልእክተኛ ድምፁ ቢያምርም አይጠቅምም።

ሐሰቱ ከመኪናው ውስጥ ወጥቶ አደባባይም ደርሷል። እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ ከጭስ ማውጫው የሚሰማውን «ጧ ጧ» ልብ በሉ። በድሮዎቹ ካርቡራቶር መኪኖች ይህ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጋለ ቱቦ ውስጥ ሲቀጣጠል በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነበር። በራሊ መኪኖችም የቱርቦው ሽክርክሪት እንዳይወርድ ነዳጅ በቱቦው ውስጥ እንዲቃጠል ስለሚደረግ ይሰማ ነበር፤ ሥራ ነበረው። ዛሬ ግን ፋብሪካው ወይም የሰፈር ፕሮግራመሩ የብልጭታውን ሰዓት አዘግይቶ፣ ትርፍ ቤንዚን ረጭቶ፣ ለተኩሱ ብቻ ያቃጥለዋል። መኪናው በዚህ ምክንያት አይፈጥንም፤ ቤንዚን ይባክናል፣ ካታሊስቱ ይጎዳል። ትናንት የሥራ ውጤት የነበረው ድምፅ ዛሬ ለራሱ ሲባል የሚሠራ ትርኢት ሆነ። ጭብጨባው ግን ሳይቀንስ ቀጠለ።

ሦስተኛው ተጠያቂ ማርሚታ የሚነቅለው ባለቤት ነው። ጥቅሙን እንመርምር። ዘመናዊ መኪና ላይ የመጨረሻውን ማርሚታ ማውጣት የሚያስገኘው ኃይል ከቁም ነገር የማይገባ ነው፤ አንዳንዴም በዝቅተኛ ዙር ያለውን ጉልበት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ትርጉም ያጣል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከኃይሉ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። ያጣው በመግቢያው በኩል አየር ስላነሰው ነው፤ መውጫውን በመቅደድ የሚመለስለት ነገር የለም። ማርሚታውን ነቅሎ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሌሊት የሚያጓራ ባለቤት ፍጥነት አልገዛም። የገዛው ጩኸት ብቻ ነው፤ ዋጋውን ደግሞ የሚከፍሉት በመንገዱ ግራና ቀኝ የተኙ ሰዎች ናቸው።

ዋጋው ትንሽ አይደለም። የድምፅ ልኬት እንደ ሜትርና ኪሎ እኩል እየተደመረ አይሄድም፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ያድጋል፣ ለጆሮም በእጥፍ የጮኸ ያህል ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ የመንገድ ጫጫታ በቀንና በሌሊት አማካይ ከ53 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አጥብቆ ይመክራል፤ ምክንያቱም ጫጫታ እንቅልፍ ከመንሳት አልፎ ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል። የስፖርት መኪና ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው ይህን «የምቀኞች ወሬ» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ደስታዬ በሌላው እንቅልፍ ላይ ካልተሠራ ደስታ አይሆንም የሚል ፍቅር፣ ተከላካይ አያገኝም።

አላገኘምም። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ያወጣው ደንብ የተራ መኪና ድምፅ በደረጃ እየቀነሰ 68 ዴሲቤል እንዲደርስ አዘዘ። ኒው ዮርክ በ2021 በሕገ ወጥ መንገድ ለተቀየረ ጭስ ማውጫ ቅጣቱን እስከ 1,000 ዶላር አሳደገች። ፓሪስ በ2022 ጫጫታ የሚለዩ መሣሪያዎችን መንገድ ላይ ተከለች። እነዚህን ሕጎች የመኪና ጠላቶች ሤራ አድርጎ ማቅረብ የአፍቃሪዎቹ ልማድ ነው። ሕጎቹን ያመጣቸው ግን ከመስኮቱ ሥር በሌሊት ሞተር የተጮኸበት ዜጋ አቤቱታ ነው። መዘዙ ደግሞ አጥፊውን ለይቶ አልመታም። ማርሚታውን ሳይነካ፣ ሞተሩን አስተካክሎ፣ ጎህ ሲቀድ ወደ እንጦጦ ዳገት ብቻውን የሚወጣውም በዚያው ሚዛን ይመዘናል። ፋብሪካውም ጠባቡን ገደብ ሲያይ ከውጭ ያፍንና የታፈነውን በስፒከር ለሹፌሩ ይመልሳል። አየት አድርጉት፦ ጩኸት ሕግ ወለደ፣ ሕግ አፈና ወለደ፣ አፈና ሐሰት ወለደ። በዚህ የዘር ሐረግ ውስጥ ባትሪ የት አለ?

ጥሩ ድምፅ ያለ ሐሰት ሊሠራ እንደሚችል ማረጋገጫ አለን። ሌክሰስ ከ2010 እስከ 2012 ድረስ 500 ብቻ የሠራው ኤልኤፍኤ 4.8 ሊትር ቪ10 ሞተር ነበረው፤ ከያማሃ ጋር ነው የተሠራው። የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠሩት የያማሃ ባለሙያዎች በድምፁ ላይ አብረው ደከሙ። ከሞተሩ የአየር መግቢያ የሚነሣውን እውነተኛ ድምፅ በተመጠነ መንገድ ወደ ሹፌሩ አመጡት፤ ስፒከር አልጨመሩም። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ከሚዞርበት እስከ 9,000 ዙር ለመውጣት 0.6 ሰከንድ ብቻ ስለሚፈጅበት፣ ባለቀስት ዙር ቆጣሪ ሊከተለው ስላልቻለ ዲጂታል ተደረገለት። የኤልኤፍኤ ድምፅ የሚደነቀው ብረቱ ቀላልና ፈጣን ስለሆነ፣ ድምፁም ያንን በትክክል ስለሚናገር ነው። ከእሱ እጅግ የሚጮኹ መኪኖች ሞልተዋል፤ ማንም አያስታውሳቸውም።

«ይህ የሀብታም ወግ ነው፤ ተራው ሰው ኤልኤፍኤ የት ያገኛል? እሱ የሚችለው ማርሚታ መንቀል ብቻ ነው» የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። እውነተኛው ድምፅ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቮልስን ያነሣሁት ለዚህ ነው። ቫልቩ በትክክል የተስተካከለ፣ ካንዴላው ንጹሕ የሆነ፣ ካርቡራቶሩ የተመጠነ አሮጌ ፊያት ጠዋት ሲነሣ የሚሰጠው ድምፅ ሙሉ ነው። ማርሚታ መንቀል የድሃ መፍትሔ ተደርጎ የሚቀርበው፣ መኪና መጠበቅ ዕውቀትና ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ ሲስተካከል ቆሞ የሚያዳምጥ ወጣት፣ ባለ ብዙ ሚሊዮን መኪና በስልክ ቪዲዮ ላይ ለማስጮህ ከሚገዛ ሰው ይልቅ የመኪና ሰው ነው።

«ጩኸት ሕይወት ያድናል፤ እግረኛው ይሰማል» የሚሉም አሉ። የጭስ ማውጫ ድምፅ በዋናነት የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፤ አደጋው ያለው ከፊት ነው። ድምፅ አልባ መኪና ለእግረኛ አደገኛ መሆኑን ሕጉ ራሱ አይቶታል፤ አውሮፓ ውስጥ ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ሲሄድ መጠነኛ የማስጠንቀቂያ ድምፅ የማሰማት ግዴታ አለበት። ለጥንቃቄ የሚሆነው ይህን ያህል ነው፤ ሰፈር መቀስቀስ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች። ስለዚህ ይህ ክርክር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በየመንገዱ የምናየው ኤሌክትሪክ መኪና በየወሩ እየጨመረ ነው፤ «ሞተር የለውም እኮ» የሚለው ንቀትም አብሮ ይሰማል። ንቀቱ ትክክል አይደለም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የአዲስ አበባ ከፍታ ኃይሉን አይቀንሰውም። ድምፅም አለው፤ ከሞተሩ ሽክርክሪትና ከጥርሶቹ የሚመጣ፣ በፍጥነት ልክ የሚቀጥን የራሱ ቀጭን ድምፅ። ቤንዚን ሞተር ከሚነግረን ያነሰ ነገር እንደሚነግረን አልክድም። የሚነግረን ግን እውነቱን ነው።

ፋብሪካዎቹ ይህን ትሑት እውነት ማበልጸግ ሲገባቸው፣ ብዙዎቹ የድሮውን በሽታ ይዘው ወደ አዲሱ ቤት ገቡ። ዶጅ በ2022 ያሳየው ኤሌክትሪክ ቻርጀር ከቪ8ቱ ጋር እኩል 126 ዴሲቤል እንደሚጮህ በኩራት ታወጀለት፤ ጭስ የሌለው መኪና ጭስ ማውጫ ተሠራለት። የሂዩንዳዩ አዮኒክ 5 ኤን ደግሞ የሌለውን ስምንት ማርሽ የሚያስመስል ዘዴ አለው፤ ከሐሰተኛው ማርሽ ጋር የሚሄድ ድምፅ በስፒከር ይወጣል። ይህኛው ለሹፌሩ ፍጥነቱን በጆሮ እንዲያውቅ ይረዳዋል ይባላል፤ ይህ ሐሳብ ከተራ ጩኸት እንደሚሻል እቀበላለሁ። ነገር ግን መኪናውን ለድምፁ ሲባል ኃይሉን እየቆራረጠ ማስነከስ ነገሩን መገልበጥ ነው። ድምፅ ማሽኑን መከተል ሲገባው ማሽኑ ድምፁን ይከተላል። ፌራሪ ለመጀመሪያው ኤሌክትሪክ መኪናው ያሳወቀው መንገድ ከዚህ ይሻላል፦ የሞተሩን እውነተኛ ንዝረት በመሣሪያ ለቅሞ ማጉላት። ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮኸው የራሱ ክር ስለተነካ ነው፤ ይህም እንደዚያው የሆነውን ነገር ያጎላል እንጂ ያልሆነውን አይፈጥርም።

እንግዲህ ክሱን ወደ ባለቤቱ እመልሰዋለሁ። የሞተር ድምፅ ያለቀሰለት ብዙ ነው፤ የጠበቀው ግን ጥቂት ነው። መጠበቅ ማለት ሦስት ነገር ማድረግ ነው። ባለቤት ማርሚታውን ወደ ቦታው ይመልስ፣ ለጩኸት የሚያወጣውን ገንዘብ ለቫልቭ፣ ለካንዴላና ለጥሩ መካኒክ ያውጣ። ገዢ መኪና ሲሞክር ድምፁ ከሞተሩ ይምጣ ከስፒከር ይጠይቅ፣ የሚዘጋበትን ቁልፍ ያሳዩኝ ይበል፣ ዘግቶ የማይወደውን መኪና አይግዛ። የአፍቃሪዎች ማኅበራት ደግሞ በሰልፋቸው ላይ በጩኸት ውድድር ምትክ ሞተር የማዳመጥ ዕውቀት ያስተምሩ፤ ሌሊት ሰፈር የሚቀሰቅሰውን አባላቸውን ከሕግ በፊት ራሳቸው ይምከሩ፣ ካልሰማም ያሰናብቱ።

ቤንዚን ሞተር በአገራችን ጎዳና ላይ የሚቀረው ዕድሜ የተቆጠረ ነው፤ አዲስ አይገባም፣ ያለው ያረጃል። በዚህ በቀረው ጊዜ ውስጥ ሕዝቡ የሞተርን ድምፅ የሚያስታውሰው በሌሊት እንቅልፉን እንደነሣው ጩኸት ከሆነ፣ ሲጠፋ እልል ይላል፤ ለእሱ የሚከራከርም አይኖርም። በሥርዓት የተያዘ፣ የተመጠነና እውነተኛ ድምፅ አድርጎ ከሰማው ግን የአሮጌ መኪኖች ጥበቃና ለእነሱ የሚሆን የመሮጫ ሜዳ ይፈቀድ ብለን ስንጠይቅ የሚደግፈን ጎረቤት እናገኛለን። ይህን የሚወስነው ባትሪ አይደለም። የሚወስነው ዛሬ ቁልፍ በእጁ የያዘው የመኪና ወዳጅ ነው።